ዳኛ ሳይፈርድ «ተረታሁ» ማለት

ሰው ጥፋቱን ራሱ ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ ዳኛው እስኪያውቅበት ድረስ በመካከሉ አንዲት አጭር ጊዜ አለች። በዚያች ጊዜ ውስጥ ምስክር አልተጠራም፤ ፍርድ አልተነገረም፤ ከሳሹም ቢሆን እርግጠኛ አይደለም። እውነቱን በሙሉ የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ራሱ ጥፋተኛው ነው። ታዲያ ይህ ሰው «ተረታሁ» ብሎ ይነሣ፣ ወይስ ዳኛው የሚለውን እስኪሰማ ዝም ብሎ ይቀመጥ? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ጥያቄ ነው። ጥያቄው ለጊዜው ትንሽ መስሎ ቢታይም፣ የፍርድ ቤት ክብር፣ የመሥሪያ ቤት ሒሳብ፣ የትምህርት ቤት ፈተና ሁሉ የሚቆሙት በእርሱ መልስ ላይ መሆኑን ከዚህ በታች ለማሳየት እንሞክራለን።

ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከተከራከሩበት ሕዝቦች መካከል እንግሊዞችና የእንግሊዞችን ጨዋታ የወረሱ አገሮች ይገኛሉ። ጨዋታው ክሪኬት ይባላል። ለማያውቁት አንባቢዎቻችን ባጭሩ ብንገልጸው፣ አንዱ ሰው ጠፍጣፋ ዱላ ይዞ ከጀርባው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ይጠብቃል፤ ሌላው ኳሱን ወደ እንጨቶቹ ይወረውራል። መቺው የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ በተቃራኒ ወገን ሰው እጅ ከተቀለበ መቺው ተሸንፎ ከሜዳው ይወጣል። ነገር ግን ኳሱ አንዳንድ ጊዜ የዱላውን ጠርዝ የሚነካው እንደ ፀጉር በቀጠነ ንክኪ ነው። ዳኛው ቆሞ የሚያየው ከሩቅ ስለ ሆነ ላያይ፣ ድምፁንም ላይሰማ ይችላል። መቺው ግን ንክኪው በእጁ ላይ ስለሚሰማው በአብዛኛው ያውቃል። እንግዲህ ዳኛው ጣቱን ሳያነሣ መቺው በራሱ ፈቃድ ዱላውን ይዞ ሊወጣ ይገባዋልን? ክርክሩ ይህ ነው።

የጨዋታው ሕግ ራሱ በዚህ ነገር ላይ የሚናገረው እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ሕጉ ከ1744 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቈጣጠር) ጀምሮ በጽሑፍ ሲሻሻል የቆየ ሲሆን፣ ዛሬ በሚሠራበት አንቀጽ መሠረት ተቃራኒው ወገን «ይህ እንዴት ነው?» ብሎ ካልጮኸ በቀር ዳኛው ማንንም እንዲወጣ አያዝም። በእኛ ቋንቋ ብንናገረው፣ አቤት ባይ ከሌለ ፍርድ የለም ማለት ነው። ይሁን እንጂ ያው አንቀጽ አያይዞ፣ መቺው መሸነፉን ካወቀ ማንም ሳይጮኽበት በራሱ ለመውጣት የሚከለክለው ነገር እንደሌለ ይገልጻል። ሕጉ አያስገድደውም፤ መንገዱንም አይዘጋበትም። ነገሩን ለኅሊናው ትቶለታል።

ሁለቱም ዓይነት ሰዎች በዘመናችን ታይተዋል። በ2003 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቈጣጠር) በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የዓለም ዋንጫ፣ ለፍጻሜ ለማለፍ አውስትራልያ ከስሪላንካ ጋር ስትጫወት፣ አዳም ጊልክሪስት የተባለው አውስትራልያዊ መቺ ኳሱ ዱላውን ነክቶ ተቀለበበት። ዳኛው ሩዲ ኩርትዘን አልወጣም ብሎ ነበር። ጊልክሪስት ግን ዱላውን ይዞ ወጣ። ከዚያ 10 ዓመት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቈጣጠር)፣ በኖቲንግሃም ከተማ እንግሊዝና አውስትራልያ ሲጫወቱ ስቱዋርት ብሮድ የተባለው እንግሊዛዊ የመታው ኳስ ተቀለበ፤ ዳኛው አሊም ዳር ግን ስላላየው አልወጣም አለ። ተቃራኒዎቹ ፍርዱ እንዲመረመርላቸው የመጠየቅ ዕድላቸውን አስቀድመው ጨርሰው ስለ ነበር ምንም ማድረግ አልቻሉም። ብሮድም ከቦታው ሳይነቃነቅ ጨዋታውን ቀጠለ። እንግሊዝ ያን ጨዋታ ያሸነፈችው በ14 ነጥብ ብቻ ነው። የወጣው የጊልክሪስት ወገን አሸነፈ፤ ያልወጣው የብሮድ ወገንም አሸነፈ። ስለዚህ ጥያቄው በትርፍና በኪሳራ ሚዛን የሚለካ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

አይወጣም የሚሉት ሰዎች ምክንያታቸው ከንቱ አይደለም። ዳኛ የተቀመጠው ለመፍረድ ነው፤ ሰው ሁሉ በራሱ ላይ የሚፈርድ ከሆነ ዳኛ ለምን ያስፈልጋል ይላሉ። ደግሞም ዳኛው ተሳስቶ ያልተሸነፈውን ሰው «ውጣ» ሲለው ተመለስ የሚለው የለምና፣ ተሳስቶ «ቆይ» ሲለውም ሊቆይ ይገባዋል፤ ስሕተቱ በሁለቱም በኩል ተካክሎ ይሄዳል ብለው ያስረዳሉ። ይወጣል የሚሉት ደግሞ፣ ዳኛው የተሾመው ላልታወቀው ነገር እንጂ ለታወቀው አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው ዝም ካለ ግን ዳኛውን ሳይወድ የሐሰት ተባባሪ ያደርገዋል ብለው ይመልሳሉ። የሁለቱን ክርክር በዚህ ላይ ትተን ወደ አገራችን እንመለስ። ክሪኬት በአገራችን ያልተለመደ ነው፤ ጥያቄው ግን ከጥንት ጀምሮ የእኛም ነው። ለምሳሌም እንዲሆነን ደብረ ታቦርንና በዙሪያዋ ያለውን ደጋ፣ ይኸውም ፋርጣን፣ እስቴን፣ ጋይንትንና ከጉና ተራራ ግርጌ ያለውን አገር እንመልከት። ይህ አገር የቀድሞው የበጌምድር ክፍል ሲሆን ዛሬ ደቡብ ጎንደር ተብሎ ይጠራል።

በዚያ አገር፣ እንደ ሌላውም የአማርኛ ተናጋሪ አገር ሁሉ፣ ሕፃን ልጅ ሽንፈቱን ራሱ መናገር የሚማረው ገና በእሳት ዳር ሳለ ነው። አንዱ «እንቆቅልህ» ሲል ሌላው «ምን አውቅልህ» ይላል። ጥያቄው ከቀረበ በኋላ መልሱን ያላገኘው ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል አንድ አገር ጠርቶ ይሰጣል። በመካከላቸው ዳኛ የለም። አላውቀውም ብሎ አገሩን የሚሰጠው ራሱ ተጠያቂው ነው። አገሩን ከሰጠ በኋላ ጠያቂው በዚያ አገር ላይ እየተኩራራ ይቀልዳል፤ መልሱንም ይነግረዋል። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንለምናለን። አገሩን ያልሰጠ ልጅ መልሱን አይማርም። ሽንፈቱን መቀበሉ የእውቀት በር ሆኖለታል ማለት ነው። አባቶቻችን ለልጆቻቸው ይህን ጨዋታ ሲያወርሱ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ሊሰጧቸው አይችሉም ነበር።

ልጁ ካደገ በኋላ የሚገባበት የገና ጨዋታም እንዲሁ ነው። በታኅሣሥ ወር ወጣቶችና ጎልማሶች በሁለት ወገን ተከፍለው፣ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይዘው ሩሯን ይለጓታል። የተጫዋቾቹ ቍጥር የተወሰነ አይደለም፤ የሜዳውም ስፋት እንደ አገሩ አቀማመጥ ነው። በጥንቱ ሥርዐት ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ አልነበረም። ሩሯ ወሰኑን አለፈች፣ አላለፈችም የሚል ክርክር ሲነሣ ክርክሩን የሚጨርሱት ተጫዋቾቹ ራሳቸውና ዳር ቆመው የሚመለከቱት ሽማግሎች ነበሩ። በዕለቱ ጌታና ሎሌ እኩል ስለሚጋፉ፣ ሎሌው ጌታውን ቢመታው እንኳ ጌታው እንዳይቆጣ ልማዱ ያዝ ነበር። ዳኛ በሌለበት ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ጨዋታ ለብዙ መቶ ዓመታት ሊዘልቅ የቻለው፣ አብዛኛው ተጫዋች «አልፋለች» ወይም «አላለፈችም» ሲል እውነቱን ስለ ተናገረ መሆን አለበት ብለን እንገምታለን። ሁሉም የሚክድ ቢሆን ኖሮ ጨዋታው በመጀመሪያው ዓመት ወደ ጠብ ተለውጦ በቀረ ነበር። ዛሬ ገና፣ ጉግስ፣ ትግልና ገበጣ በባህል ስፖርት ውድድር ውስጥ ገብተው የተጻፈ ደንብና ዳኛ አግኝተዋል። ይህ መልካም ነው። ሆኖም ዳኛው በመጣ ጊዜ የተጫዋቹ ኅሊና ወደ ቤቱ እንዳይሄድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ከጨዋታው ይልቅ ግን ነገሩ ጐልቶ የሚታየው በሙግት ነው። ያገራችን ሰው ሙግት ወዳድ መሆኑን የውጭ አገር ተጓዦች ሳይቀሩ ጽፈውታል። ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ሲጣሉ «በሕግ አምላክ» ከተባባሉ በኋላ አላፊ አግዳሚውን ጨዋ ሰው ዳኛ አድርገው ያስቀምጡታል፤ እርሱም ጉዳዩን ትቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጥላቸዋል። ነገሩ ወደ ላይኛው ዳኛ የሚሄድ ከሆነም ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ እርስ በርሳቸው ቁራኛ ሆነው ይጓዛሉ። በላ ልበልሃ በሚባለው የሙግት ሥርዐት ተሟጋቹ ዘንጉን ይዞ፣ ነጠላውን እንደ ወጉ አጣፍቶ፣ ቃሉን እያሳመረ ይከራከራል፤ ውርርድም ይገባል። ውርርዱ እንደ ነገሩ ክብደት ማር፣ በቅሎ ወይም ፈረስ ሊሆን ይችላል፤ የተረታው ወገን የሚከፍለውም ለዳኛው ነው።

በዚህ ሥርዐት ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?» የሚለው ነው። ተከሳሹ ከካደ ምስክር ይቈጠራል፤ የምስክሮቹም ማንነት ሌላ ክርክር ያስነሣል፤ መሐላ ይመጣል፤ ውርርድ በውርርድ ላይ ይደረባል። ካመነ ግን ነገሩ በዚያው ያበቃል፤ የሚቀረው ካሣው ብቻ ነው። ስለዚህ «ተረታሁ» የምትለው አንዲት ቃል ምስክሮቹን ከመንገላታት፣ ከሳሹን ከመመላለስ፣ ዳኛውን ከመሳሳት፣ ተናጋሪውንም ከሐሰት መሐላ ታድን ነበር። አበው «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉትም ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። በሕግ የተረታ ሰው በቅሎውን አጥቶ እንኳ ሰላም ያድራል፤ ያለ ሕግ የተወሰደች ጭብጦ ግን የወሰደውንም የተወሰደበትንም እንቅልፍ ትነሣለች።

በሽምግልናም ሥርዐት እንዲሁ ነው። በደጋው አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በተበደለው ሰውና በሽማግሎቹ ፊት ይቆማል። ድንጋዩን የተሸከመው የተበዳዩን ይቅርታ ሳያውቅ ነው። ተበዳዩ «አውርድ» ይለው ይሆናል፤ ላይለውም ይችላል። ደም በፈሰሰበት ነገር ደግሞ ያለ እምነት ቃል እርቅ አይሞከርም፤ ገዳዩ «አልገደልሁም» እያለ ደም ሊደርቅ አይችልምና። እንግዲህ በእኛ ዘንድ ከፍርድ በፊት ማመን ለጨዋነት ሲባል ከሩቅ የሚደነቅ ነገር ብቻ አልነበረም። የሁለት ቤተ ሰብ ልጆች እንዳይተላለቁ የሚያደርግ የሰላም መሣሪያ ነበር።

ሆኖም አስቀድሞ መውጣት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሰው ስለ እውነት ብሎ ይወጣል፤ ስለ ፍርሃትም ይወጣል። ይህን ለመለየት የደብረ ታቦር ታሪክ ራሱ ከሁሉ የሚበልጥ ምሳሌ ይሰጠናል። ከተማይቱን የቆረቆሯት የየጁው ራስ ጉግሣ መርሳ ናቸው፤ ከእርሳቸውም በኋላ የልጅ ልጃቸው ራስ ዓሊ መናገሻ አደረጓት። በ1834 ዓ.ም. የሰሜኑና የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከጎጃሙ ደጃዝማች ብሩ ጎሹ ጋር ተባብረው፣ በዚያን ጊዜ ከግብጽ የመጡትን አቡነ ሰላማንም ይዘው በራስ ዓሊ ላይ ዘመቱ። ጦርነቱ በደብረ ታቦር ተደረገ። ውቤ ብዙ ጠመንጃ ነበራቸውና ቀኑ ለእነርሱ አደላ፤ ራስ ዓሊም ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ከጦር ሜዳው ሸሹ። የውቤ ሰዎችም ድሉን የጨረሱ መስሏቸው በደስታ ላይ ሳሉ፣ የራስ ዓሊ ወገን የነበሩት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ከጥቂት ሰዎች ጋር ደርሰው ውቤን ማረኩ። የሸሹት አሸናፊ ሆኑ፤ ያሸነፉት ምርኮኛ ሆኑ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። ራስ ዓሊ ፍርዱ ሳይታወቅ «ተረታሁ» ብለው ወጡ፤ ነገር ግን ይህን ያሉት እውነቱን አውቀው አልነበረም። ውቤም በበኩላቸው ፍርዱ ሳይታወቅ «ረታሁ» ብለው ተቀመጡ፤ እርሳቸውም አላወቁም ነበር። ሁለቱም የፈረዱት በማያውቁት ነገር ላይ ነው። የክሪኬት ሕግ አውጪዎች ይህን ያሰቡበት ይመስላል፤ መቺው ሳይሸነፍ የተሸነፈ መስሎት በስሕተት ከወጣ፣ ዳኛው ይህን ባወቀ ጊዜ ተመለስ ብሎ እንዲጠራው የሚያዝ አንቀጽ ጨምረዋል። እንግዲህ በራስ ላይ መፍረድ የሚያስመሰግነው በርግጥ ለሚያውቁት ነገር ነው። ለማያውቁት ነገር ግን ዳኛ መጠበቅ ትዕግሥትም ትሕትናም ነው።

ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ እርሱም ተገድዶ ማመን ነው። በቀድሞው ዘመን ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሲጠፋ የአገሩ ሰው ሁሉ በአውጫጭኝ በአንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰብ ነበር። ወንጀለኛው እስኪወጣ ሕዝቡ ሥራውን ፈትቶ ይውላል፤ ያልተገኘ እንደ ሆነም አገሩ ዕዳውን በጋራ ይከፍላል። ሥርዐቱ ፖሊስና መርማሪ ባልነበረበት ዘመን ብዙ እውነት አውጥቷል። ነገር ግን ቂም ያለበት ሰው በንጹሕ ላይ እንዲጠቁም፣ ደካማው ሰውም በሕዝቡ ግፊት ያላደረገውን አደረግሁ እንዲል በር ይከፍት ነበር። ሌባ ሻይ የሚባለውማ የባሰ ነበር፤ መድኃኒት ጠጥቶ የሰከረ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ከተያዘ ሰው አፍ የሚወጣ «አዎን» የእምነት ቃል ሊባል አይገባውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት እንዳለው፣ በማስረጃነት ሊቀርብበት የሚችል የእምነት ቃል እንዲሰጥም እንደማይገደድ የደነገገው ይህን የመሰለው በደል እንዳይደገም ነው። ዝም ለማለት ነጻ የሆነ ሰው ብቻ ነው በነጻነት ሊያምን የሚችል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ስለ ዳኛው ነው። ብዙውን ጊዜ በዚህ ክርክር ውስጥ የሚወቀሰው ያላመነው ሰው ብቻ ነው። እኛ ግን ዳኛውም ድርሻ አለው እንላለን። የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ዋልተር ፕላውደን በ1855 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቈጣጠር) ለመንግሥቱ በጻፈው ዘገባ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ነፍሰ ገዳይን ለሟች ዘመዶች አሳልፎ የመስጠትን ልማድ እንዳስቀሩና ቅጣቱን በመንግሥት እጅ እንዳደረጉት ገልጿል። ይህ ለውጥ ለያዝነው ነገር ትልቅ ትርጉም አለው። «እኔ ነኝ» ያለ ሰው ወዲያውኑ ለደመኛው ጦር የሚሰጥ ከሆነ ማን ያምናል? ደመኛ ለሆነ ሰው ማመን ራስን መግደል ነው፤ ለዳኛ ማመን ግን ራስን ለሕግ ማስረከብ ነው። ስለዚህ እውነተኛ ዳኛ በሌለበት አገር «ለምን አላመንህም» ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ዘመናዊው ሕጋችንም ይህን መንገድ ተከትሏል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በእርሱም ቦታ የተተካው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ ጥፋቱን አምኖ ከልብ የተጸጸተውን፣ የበደለውን ሰው የረዳውን ወይም እጁን በፈቃዱ ለመንግሥት የሰጠውን ሰው ቅጣት እንዲያቀሉለት ዳኞችን ያዛሉ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግም፣ ተከሳሹ ጥፋቱን በሙሉ ካመነ ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ሊፈርድ እንደሚችል፣ አስፈላጊ መስሎ ከታየው ግን ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃውን እንዲያቀርብ ሊያዝ እንደሚችል ደንግጓል። አስተውሎ ለሚያነብ ሰው ይህ እጅግ ጥበብ የተሞላበት ነው። ሕጉ ላመነው ሰው ዋጋ ይሰጠዋል፤ ነገር ግን እንደ ራስ ዓሊ ሳያውቅ የወጣውን፣ እንደ አውጫጭኙም ደካማ ተገድዶ የወጣውን ለይቶ ለመመለስ ዳኛው ዐይኑን እንዳይጨፍን ያስጠነቅቀዋል።

በቅዱስ መጽሐፍ ታሪክም ሦስት ሰዎችን ብንመለከት ነገሩ ይበልጥ ይጣራል። አዳም በተጠራ ጊዜ ተሸሸገ፤ በተጠየቀም ጊዜ በሔዋን አመካኘ። ዳዊት ነቢዩ ናታን በምሳሌ እስኪወቅሰው ድረስ ዝም አለ፤ በተወቀሰ ጊዜ ግን ሳይከራከር «በድያለሁ» አለ። ዘኬዎስ ግን ከሳሽም ወቃሽም ሳያስፈልገው ተነሥቶ የበደልሁት ሰው ቢኖር አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። አብዛኞቻችን በዳዊትና በአዳም መካከል ነን። ዘኬዎስን መሆን ከባድ ነው፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያናችን በንስሓ አባት ፊት የሚደረገውን ኑዛዜ ያዘዘችው የመጨረሻው ዳኛ ሳይፈርድ ሰው አስቀድሞ በራሱ ላይ እንዲፈርድ ልታስለምደው አይደለምን?

አሁን ወደ መነሻችን ጥያቄ ተመልሰን ያለንን አሳብ በግልጽ እንናገር። የሚያውቅ ሰው ሊነሣ ይገባዋል። «ዳኛው ይሳሳትብኛልና እኔም በስሕተቱ ልጠቀም» የሚለው ክርክር የሚያሳምን አይደለም። ዳኛው ሲሳሳትብን የተበደልነው እኛ ነን፤ በስሕተቱ ስንጠቀም ግን የሚበደለው ሌላ ሰው ነው። አንዱ በሌላው አይጣፋም። የሚጠራጠር ሰው ግን ዳኛውን ይጠብቅ፤ ይህ ነውር የለበትም። ነውሩ እያወቁ እንደሚጠራጠር ሰው መቀመጥ ነው። ከዚህም ሌላ አንድ ክፉ ልማድ አለና እንጠንቀቅ። አንዳንድ ሰው ጥፋቱ ትንሽና ግልጽ በሆነ ጊዜ ፈጥኖ ያምናል፤ በዚህም የእውነተኛነት ስም ያተርፋል። ጥፋቱ ከባድና ስውር በሆነ ጊዜ ግን በዚያ ባተረፈው ስም ይሸፈናል። ይህ ሰው ከከሐዲው የከፋ ነው፤ ከሐዲው የሚክደው ነገሩን ብቻ ሲሆን ይህኛው ግን እምነትን ራሱን ሐሰተኛ ገንዘብ ያደርጋታል።

ይህ ሁሉ ከሜዳና ከችሎት አልፎ በየዕለቱ ሥራችን ውስጥ የሚገኝ ነው። ገንዘብ ያዡ ሒሳቡ መጉደሉን ያወቀው ተቈጣጣሪው ከመምጣቱ ከአንድ ወር በፊት ነው እንበል። ዛሬ ቢናገር ጉድለቱ በደረሰኝ መሳሳት ወይም በቍጥር ስሕተት የመጣ መሆኑ ሊጣራ ይችላል። በዝምታው በቀጠለ መጠን ግን አንዱን ወረቀት በሌላ ወረቀት ለመሸፈን ይገደዳል፤ ስሕተት የነበረው ወንጀል ይሆናል። «ካፈርሁ አይመልሰኝ» የሚሉት ይህን ነው። መምህሩ የአንዱን ተማሪ መልስ በስሕተት አርሞ ነጥብ እንደነሣው በኋላ ቢያውቅ፣ ተማሪው ስላልጠየቀ ብቻ ዝም ሊል ይገባዋልን? አቤት ባይ ባይኖርም መምህሩ ራሱ ያውቃልና በክፍሉ ፊት ቢያርመው ከክብሩ ምንም አይጐድልበትም፤ ተማሪዎቹ በዚያን ቀን የሚማሩት ከመጽሐፉ የበለጠ ነው። ተማሪውም ያላገባውን ነጥብ በደመር ስሕተት አግኝቶ እንደ ሆነ፣ የፈተናውን ወረቀት ይዞ ወደ መምህሩ መመለስ ይችላል። ከባድ ነው፤ ነገር ግን በእሳት ዳር «አገር ስጠኝ» ሲባል አገሩን የሰጠው ያው ልጅ ነው።

የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች ደግሞ ከዚህ የተለየ አደራ አለባቸው። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጥፋቱን ቀርቦ የተናገረው ሠራተኛ ከደበቀው ሠራተኛ ይልቅ ክፉኛ የሚቀጣ ከሆነ፣ ሌሎቹ ሠራተኞች ወዲያውኑ መደበቅን ይማራሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ቅንነት የሚሰጠው ምክር ሁሉ በድንጋይ ላይ እንደ ተዘራ ዘር ነው። ጥፋቱ ከባድ ከሆነ መቀጣቱ አይቀርም፤ ነገር ግን በሚታመነውና በሚካደው ጥፋት መካከል የሚታይ ልዩነት ሊኖር ይገባል። ሕግ አውጪዎቻችን ለወንጀለኛ የፈቀዱትን ያህል ርኅራኄ አለቃ ለበታቹ ቢነፍግ ምን ይባላል? ድንጋይ ተሸክሞ ለቆመ ሰው «አውርድ» የሚለው ሽማግሌ ከሌለ ነገ ድንጋይ የሚሸከም አይገኝም።

በጠቅላላው፣ ዳኛ የቆመው ለማይታወቀው ነገር ነው። የሚታወቀውን ነገር በእርሱ ላይ ጭኖ ዝም ማለት ሸክምን ለማይገባው ሰው ማሸከም ነው። የደብረ ታቦር ደጋ ሰዎች በጨዋታቸውም፣ በሙግታቸውም፣ በእርቃቸውም ይህን ያውቁ ነበር፤ በጦርነታቸውም ሳያውቁ መፍረድ የሚያመጣውን አይተዋል። ከእነርሱ የወረስነው ይህ ልማድ በአዲሱ መሥሪያ ቤትና በአዲሱ ትምህርት ቤት ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ የሚያደርገው ሕግ ብቻ አይደለም። ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ አንደኛው ጥፋቱን ሲያውቅ ሳይጠሩት የሚነሣ፣ ሁለተኛው ደግሞ የተነሣውን ሰው ሳያዋርድ የሚቀበል። ከሁለቱ አንዱ በጠፋ ጊዜ ሌላው ብቻውን ሊቆም አይችልምና፣ እያንዳንዳችን በተራችን በሁለቱም ቦታ የምንቆም መሆናችንን እናስብ።